ጥሩር የለበሱት ሴቶች፣ ከጦርነቱ በኋላ

በዙሪክ አሮጌው ከተማ መካከል ሊንደንሆፍ የሚባል ኮረብታ አለ። ከሊማት ወንዝ ዳር ተነስቶ በጠባቦቹና ዳገታማዎቹ መንገዶች የወጣ ሰው ትላልቅ ዛፎች ጥላ የጣሉበት ሰፊ አደባባይ ላይ ይደርሳል። ሮማውያን በዘመናቸው ምሽግ ሠርተውበታል። ዛሬ የሰፈሩ ሰዎች ቁመታቸው እስከ ጉልበት በሚደርሱ ጠጠሮች ቼዝ ይጫወቱበታል፤ ጎብኚዎችም የድንጋዩን አጥር ተደግፈው ከወንዙ ማዶ ያሉትን የግሮስሙንስተር ቤተ ክርስቲያን መንታ ማማዎች ያያሉ። ብዙዎቹ ፎቶ አንስተው ሲመለሱ በአደባባዩ ያለውን የውሃ ምንጭ ልብ ሳይሉት ያልፋሉ። በምንጩ ላይ ግን የጦር ልብስ የለበሰች ሴት ቆማለች። ሐውልቷን ጉስታቭ ዚበር የተባለ ቀራፂ በ1912 ሠራው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዙሪኮች ሄድቪግ አብ ቡርግሃልደን ይሏታል።

ታሪኳ የሚጀምረው ከሽንፈት ነው። በ1291 የሀብስቡርጉ ንጉሥ ሩዶልፍ ሲሞት በአገዛዙ የተማረሩ ጎረቤቶቹ ጊዜው ደረሰ ብለው ተነሡ። ዙሪክም አብራ ተነሣች። በሚያዝያ 1292 የከተማዋ ጦር ከሰሜን ምሥራቅ ያለችውንና ለሀብስቡርጎች ታማኝ የነበረችውን ቪንተርቱርን ለመያዝ ወጣ። አልቀናውም። ከወጡት ወንዶች ብዙዎቹ ሞቱ፣ ብዙዎቹም ተማረኩ። ብዙም ሳይቆይ የሩዶልፍ ልጅ መስፍን አልብሬክት ጦሩን ይዞ መጥቶ ከተማዋን ከበባት። በቅጥሩ ላይ የሚቆም በቂ ወንድ አልነበረም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ዙሪኮች ለልጅ ልጆቻቸው ሲተርኩት ኖረዋል። የከተማዋ ሴቶች ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው የተዉትን ጥሩር ለበሱ፤ ቁር ደፉ፤ ረጃጅም ጦር አነገቡ። ከዚያም ከበሮ እያስመቱ ከከባቢው ጦር በግልጽ ወደሚታየው ወደ ሊንደንሆፍ ኮረብታ በሰልፍ ወጡ። አልብሬክት ከሩቅ ሲያይ ኮረብታው በታጠቀ ሠራዊት ተሞልቷል። ከተማዋ በሌሊት አዲስ ጦር አስገብታለች ብሎ አሰበና ከጦርነት ይልቅ ድርድርን መረጠ። አንዲት ቀስት ሳትወረወር ከተማዋ ተረፈች።

ይህን የሰማ ፊልም ወዳጅ ሁዋ ሙላንን ማስታወሱ አይቀርም።

ሙላን በሃያኛው መቶ ዘመን የተፈጠረች የፊልም ሰው አይደለችም። ከ386 እስከ 534 ሰሜናዊ ቻይናን በገዛው በሰሜናዊው ዌይ ሥርወ መንግሥት ዘመን አካባቢ ከተነገረ አጭር ግጥም የመጣች ናት። ንጉሡ ክተት ሲያውጅ የአባቷ ስም በጥሪው መዝገብ ላይ ይገኛል። አባቷ አርጅቷል፤ ለአቅመ ጦር የደረሰ ወንድም የላትም። ሙላን ፈረስና ኮርቻ ገዝታ፣ ወንድ መስላ፣ በአባቷ ፈንታ ትዘምታለች። ዓመታት ከተዋጋች በኋላ ንጉሡ ሹመት ሲሰጣት አትቀበልም፤ ወደ አገሯ የሚያደርሳትን እንስሳ ብቻ ትጠይቃለች። ቤቷ ስትገባ የጦር ልብሷን አውልቃ የሴት ልብሷን ትለብሳለች። አብረዋት የዘመቱት ወንዶች የሚደነግጡት ያን ጊዜ ነው።

ይህች አጭር ታሪክ ብዙ ፊልም ወልዳለች። ጃፓን ቻይናን በወረረችበት ዘመን፣ በ1939፣ ቡ ዋንትሳንግ የተባለ ዳይሬክተር በሻንጋይ «ሙላን ዘመተች» የሚል ፊልም ሠራ። ሻንጋይ በጃፓን ጦር ተከባ ስለነበር ተመልካቹ በጥንቷ ዘማች ውስጥ የራሱን ዘመን አየ። በ2009 ጂንግል ማ ያዘጋጀው ፊልም ደግሞ ጦርነቱን እንደ ጦርነት ያሳየ ነው። ዣኦ ዌይ የምትጫወታት ሙላን የምትወዳቸው ጓዶቿ ሲያልቁ ታያለች፣ ትሰበራለች፣ እንደገናም ትነሣለች። በዚያ ፊልም ጀግንነት አሸዋና ደም ለብሶ ነው የሚታየው። የአሜሪካው ዲስኒ በ1998 በካርቱን፣ በ2020 ደግሞ በተዋንያን የሠራቸው ፊልሞች ይበልጥ ታዋቂ ቢሆኑም፣ የጦር ሜዳን ክብደት ለማሳየት የ2009ኙን የሚስተካከል ከመካከላቸው የለም።

በሙላንና በዙሪኳ ሄድቪግ መካከል ከጥሩሩ ባሻገር ሌላም የሚያመሳስል ነገር አለ። የሁለቱም ስም ከታሪካቸው በኋላ የመጣ ነው። በጥንቱ ግጥም ውስጥ ሙላን «ሁዋ» የሚል የቤተሰብ ስም የላትም፤ ስሙን ያገኘችው ከሺህ ዓመት ገደማ በኋላ፣ ሹ ዌይ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን በጻፈው ተውኔት ነው። የዙሪክን ሴቶች ታሪክ በጽሑፍ ያቆየልን ዮሐንስ ዘቪንተርቱር የተባለ የፍራንቸስካውያን መነኩሴ ነው። ዜና መዋዕሉን የጻፈው በ1340ዎቹ፣ ማለትም ነገሩ ሆነ ከተባለ ከግማሽ መቶ ዓመት በኋላ ነው። በዜና መዋዕሉ የሚታዩት ሴቶች ናቸው፤ አንዲት ሴት ጎልታ በስሟ የወጣችው ተራኪ ከተራኪ እየተቀበለ ታሪኩ ሲያድግ ነው። መነኩሴው የጠላት ከተማ ልጅ መሆኑም ልብ ሊባል ይገባል። የዙሪክን ወንዶች ያሸነፈችው የቪንተርቱር ሰው ሆኖ ሳለ የዙሪክን ሴቶች ብልሃት አልደበቀም። ታሪኩ ሙሉ በሙሉ እንደተባለው ሆኗል ብሎ መማል ባይቻልም፣ ከባላጋራ ወገን መምጣቱ ክብደት ይሰጠዋል።

ሌላዋ የስዊስ ከተማ ጄኔቫም የራሷ የጀግና ሴት ታሪክ አላት፤ የእርሷ ግን ሌላ ዓይነት ነው። በዚያኛው ቀኑ ይታወቃል፣ ሰዓቱ ይታወቃል፣ የሞቱት ሰዎች ስም በድንጋይ ተቀርጿል።

ጄኔቫ በ1602 የፕሮቴስታንቶች መጠለያ የሆነች፣ በቅጥር የታጠረች ትንሽ ነፃ ከተማ ነበረች። የሳቮይ መስፍን ካርሎ ኢማኑኤል ቀዳማዊ የእኔ ናት ይል ነበር። ከአልፕስ ተራሮች በስተሰሜን ላለው ግዛቱ ጥሩ መናገሻ ትሆነዋለች፤ የካቶሊክ ሃይማኖትን ወደ ከተማዋ መመለስም ሌላው ዓላማው ነበር። በታኅሣሥ 11 ለ12 አጥቢያ ከሁለት ሺህ በላይ ወታደሮቹ በጨለማ ወደ ከተማዋ ተጠጉ። ጄኔቫ የጳጳስ ጎርጎርዮስን አዲስ አቆጣጠር ገና አልተቀበለችም ነበር፤ የተቀበለችው በ1701 ነው። ስለዚህ ያች ሌሊት በአዲሱ አቆጣጠር ታኅሣሥ 21 ለ22 ላይ ትውላለች፣ ከዓመቱ ሌሊቶች እጅግ ረጅሟ። ጄኔቫዎች ግን እስከ ዛሬ በአሮጌው ቀን ያከብሯታል። በሁለት የዘመን አቆጣጠር መካከል መኖርን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ወታደሮቹ ይዘውት የመጡት መሰላል በቁርጥራጭ ተሸክመውት በቅጥሩ ሥር የሚገጣጠም፣ በጨለማ እንዳይታይም ጥቁር ቀለም የተቀባ ነበር። ኮራትሪ በሚባለው በኩል ተደግፎ ሦስት መቶ ያህል ሰው ሳይሰማ ወጣ። ዕቅዳቸው ጎህ እስኪቀድ ተደብቀው ቆይተው ኑቭ የተባለውን በር በፈንጂ መክፈትና ውጭ የሚጠብቀውን ዋናውን ጦር ማስገባት ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ግን አንድ ዘብ ነቃባቸውና ተኮሰ። የቅዱስ ጴጥሮስ ካቴድራል ደወል ተደወለ። ሰው የሌሊት ልብሱን እንደለበሰ፣ እጁ የገባለትን መሣሪያ ይዞ ከቤቱ ወጣ። ይዛክ ሜርሲዬ የተባለ ወታደር የኑቭን በር የብረት ፍርግርግ ገመዱን ቆርጦ ለቀቀው፤ በሩን ሊያፈርስ ፈንጂ ይዞ የመጣው ሰው ምንም ማድረግ አልቻለም። ከቅጥሩ ላይ የተተኮሰ መድፍም መሰላሎቹን ሰባበራቸው። ወደ ውስጥ የገቡት መውጫ አጡ።

በዚያች ሌሊት ከነበሩት ሁሉ ዛሬ ሕፃን አዋቂው የሚያውቀው ስም ግን የይዛክ ሜርሲዬ አይደለም። ጄኔቫዎች «እማማ ሯዮም» የሚሏቸው የካትሪን ሼኔል ነው።

ካትሪን የጄኔቫ ተወላጅ አልነበሩም። እንደ ብዙ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ሃይማኖታቸው ያሰደዳቸው፣ ከሊዮን የመጡ ሴት ናቸው። ባላቸው ፒዬር ሯዮም የቆርቆሮ ዕቃ ሠሪ ነበር። እርሳቸው ደግሞ የ14 ልጆች እናት እንደነበሩ ይነገራል። ቤታቸው ሞኔ ከሚባለው በር በላይ ነበር። በዚያች ሌሊት የሳቮይ ወታደሮች ከመስኮታቸው ሥር ሲያልፉ ካትሪን ከምድጃው ላይ የብረቱን ድስት አንሥተው ከነትኩስ ሾርባው ለቀቁባቸው ይባላል። አንዱ ወታደር እዚያው ወደቀ።

ሌላም ሴት አለች። ዣን ፒያዤ የምትባለው የኮራትሪ ነዋሪ የጄኔቫ ተከላካዮች በቤቷ በኩል አልፈው ወራሪዎቹን ከጎን እንዲመቱ የቤቷን ቁልፍ በመስኮት ወርውራላቸዋለች። ለጦር ስልት ከታየ የዚህች ሴት ሥራ ከድስቱ ሳይበልጥ አይቀርም። ነገር ግን ቁልፍ እንደ ትኩስ ሾርባ አያስቅም፣ አያስደስትም፤ ልጅም አይሰማውም። ጄኔቫ የመረጠችው ድስቱን ነው።

በነጋ ጊዜ 54 የሳቮይ ወታደሮች ሞተው ተገኙ። የተማረኩት 13ቱም በዚያው ቀን ተሰቀሉ። ከጄኔቫ ወገን የሞቱት 18 ናቸው፤ መታሰቢያቸው በሴን ዤርቬ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በቀጣዩ ዓመት፣ በሐምሌ 1603፣ መስፍኑ በሴን ዡሊየን በተፈረመው ውል የከተማዋን ነፃነት ተቀበለ።

ዛሬ ታኅሣሥ በገባ ቁጥር የጄኔቫ ጣፋጭ ቤቶች መስኮት በቸኮሌት ድስት ይሞላል። ውስጡ ከለውዝና ከስኳር የተሠሩ፣ ካሮትና ጎመን የመሰሉ ትናንሽ ጣፋጮች ይጨመሩበታል። በበዓሉ ቀን ቤተሰቡ፣ ትምህርት ቤቱ ወይም መሥሪያ ቤቱ ድስቱን ከብቦ ይቆማል። ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቁና ትንሹ እጅ ለእጅ ተያይዘው የሪፐብሊኩ ጠላቶች እንዲህ ጠፉ እያሉ በአንድ ምት ይሰብሩታል። በ1926 የተመሠረተው «የ1602 ጓድ» የተባለ ማኅበር ደግሞ የዚያን ዘመን ልብስ ያለበሳቸውን መቶዎች አሰልፎ፣ ፈረሶችና ችቦ አስከትሎ በአሮጌው ከተማ ያልፋል። በሌላ ጊዜ የሚዘጋው ጠባቡ የሞነትዬ መተላለፊያ በበዓሉ ይከፈታል፤ በየጥጉ የአትክልት ሾርባ በትልልቅ ድስት ይቀዳል። በበዓሉ ስም የተጠራውና ከ1978 ጀምሮ በየዓመቱ የሚካሄደው የኤስካላድ ሩጫም በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ያወጣል። ኢትዮጵያውያንና ኬንያውያን ሯጮች ደጋግመው የሚያደምቁት ውድድር ስለሆነ፣ ስለ እማማ ሯዮም ምንም ሰምቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ስፖርት ወዳድም የበዓሉን ስም ሰምቶት ይሆናል።

ስለ ድስቱ ጥንታዊ የሆነው ወሬ በወታደር ራስ ላይ ስለተወረወረ ብረት ነው የሚያወራው፤ ሾርባው በኋላ ነው የፈላው። ይህ ግን ካትሪንን አያሳንሳቸውም። ስደተኛ ሴት ሆነው ያስጠለለቻቸውን ከተማ በቤታቸው ባገኙት መሣሪያ ጠበቁ። ከተማዋም ከመኳንንቷና ከመኮንኖቿ ይልቅ አንዲት ባይተዋር እናትን የነፃነቷ ምልክት አድርጋ መረጠች። ዛሬ በጄኔቫ ጎዳናዎች ላይ ለሚሄዱት ብዙ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ በኋላ ግን ፊልሞቹም በዓሎቹም ዝም የሚሉበት ጥያቄ ይመጣል። ጥሩሩ ከወለቀ በኋላ ሴቶቹ ወዴት ሄዱ?

ሙላን ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ታሪኩም የሚያመሰግናት ሹመት ባለመፈለጓ ጭምር ነው። የዙሪክ ሴቶች ከኮረብታው ወርደው ጥሩሩን ለባለቤቶቹ መለሱ። እማማ ሯዮም ሌላ ድስት ጣዱ። አፈ ታሪክ ሴትን ለአንድ ቀን ከወንዱ ቦታ ላይ ያቆማትና ማታ ወደ ነበረችበት ይመልሳታል። ክብሩ ለዚያች ቀን ብቻ ነው። ሴቲቱ በማግስቱ በአደባባይ ልናገር፣ በሸንጎ ልቀመጥ ብትል ያው የሚያሞግሳት ከተማ ምን ይል ነበር? የጄኔቫና የዙሪክ ታሪክ ለዚህ በቀንና በዓመተ ምሕረት የተመዘገበ መልስ አለው።

በ1292 ዙሪክ በተከበበች ጊዜ ከተማዋ ሴት በሥልጣን ላይ አይታ የማታውቅ አልነበረችም። በ853 የተመሠረተው የፍራውሙንስተር ገዳም እመምኔት በከተማዋ ላይ ትልቅ ሥልጣን ነበራት፤ ገንዘብ የማሳተምና ከገበያ ቀረጥ የመሰብሰብ መብቱ የእርሷ ነበር። ከበባው በሆነበት ዓመት በዚያ መንበር የተቀመጠችው ኤልሳቤጥ ፎን ቬትሲኮን ነበረች። በ1524 የመጨረሻዋ እመምኔት ካታሪና ፎን ትሲመርን በሃይማኖት ተሐድሶው ዘመን ደም እንዳይፈስ ስትል ገዳሙን ለከተማው ምክር ቤት አስረከበች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዙሪክ በሴት እጅ የሚገኝ የአደባባይ ሥልጣን ሳታይ ከአራት መቶ ዓመት በላይ ኖረች። ሥልጣን የነበራቸው ሴቶች እየተረሱ ሄዱ፤ ለአንድ ቀን ጥሩር የለበሰችው ሐውልት ተሠራላት።

ሐውልቱ ከቆመ ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1920፣ የዙሪክ ካንቶን (ክፍለ ግዛት) ወንዶች ሴቶች ይምረጡ ወይ ተብለው ተጠየቁ። እምቢ አሉ። ከዚያም በኋላ ደጋግመው እምቢ አሉ። የጄኔቫ ወንዶችም እንዲሁ። በ1928 በበርን በተከፈተው የሴቶች ሥራ ትርኢት ላይ የመብት ታጋዮች የአገሪቱን እርምጃ ለማሳየት ግዙፍ የቀንድ አውጣ ምስል በሰልፍ ጎተቱ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ 250 ሺህ የሚጠጋ ፊርማ ለፌዴራል መንግሥቱ አቀረቡ፤ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በየካቲት 1959 በአገር አቀፍ ደረጃ ድምፅ ሲሰጥ ከሦስት ወንዶች ሁለቱ ተቃወሙ። ጄኔቫ ለሴቶቿ የካንቶን ድምፅ የሰጠችው በ1960 ነው፤ ድስቱ ከተወረወረ ከ358 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ዙሪክ ደግሞ እስከ 1970 ቆየች።

ያንን ግድግዳ የነቀነቀችው ሴት ጦር አልያዘችም። በመጋቢት 1 ቀን 1969 ኤሚሊ ሊበርሄር በበርን በፓርላማው ፊት ቆማ ለሺዎች ስትናገር የተሰበሰቡት ሴቶች ፊሽካ ይነፉ ነበር። በየካቲት 7 ቀን 1971 የስዊስ ወንዶች በመጨረሻ እሺ አሉ። ሊበርሄር ራሷ በ1970 ለዙሪክ ከተማ አስተዳደር የተመረጠች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ጄኔቫም በ1968 ሊዝ ዢራርደንን ከንቲባ አድርጋ ነበር፤ በ1971 ደግሞ ወደ ላይኛው የፌዴራል ምክር ቤት የገባች የመጀመሪያዋ ሴት አደረገቻት። ትግሉ በዚያም አላበቃም። የአፐንትሰል ኢነርሮደን ካንቶን በፍርድ ቤት ውሳኔ ተገድዶ ለሴቶች ድምፅ የፈቀደው በ1990 ነው። በዙሪክም በ1989 የተመሠረተውና በእመምኔቶቹ ገዳም ስም የተጠራው የፍራውሙንስተር የሴቶች ማኅበር የወንድ የሙያ ማኅበራት በየጸደዩ በሚያደርጉት ታላቅ ሰልፍ ለመሰለፍ ዓመታት መታገል አስፈልጎታል። ማኅበሩ የከተማዋን የቀድሞ ሴቶች የሚዘክረው እዚያው ሊንደንሆፍ ላይ ነው።

ስዊሶች ስለ ሴት ጀግና የሠሩት ታዋቂ ፊልምም ስለዚሁ ነው። ፔትራ ፎልፔ በ2017 ያቀረበችው «መለኮታዊው ሥርዓት» በ1971 በአንዲት መንደር የምትኖርን የቤት እመቤት ያሳያል። ኖራ ትባላለች። ጥሩር የላትም፤ ጎረቤቶቿን አስተባብራ ሴቶቹ ሁሉ ቤታቸውን ጥለው እንዲያድሙ ታደርጋለች። ከሙላን ፊልሞች አጠገብ ሲታይ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ የሚያነሣው ጉዳይ ግን ሙላን በሯን ዘግታ ከገባች በኋላ ያለውን ነው።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ የራሱን አገር ማሰቡ ተገቢ ነው። በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ተምሮ የምኒልክ መሐንዲስና አማካሪ የሆነው አልፍሬድ ኢልግ በቅርብ ያወቃቸው እቴጌ ጣይቱ ብጡል የአፈ ታሪክ ሰው አልነበሩም። የራሳቸውን ጦር ይዘው ዘምተዋል፤ በመቀሌው ከበባ የጣሊያኖቹ ምሽግ ውሃ እንዲያጣ ምንጩን ያስያዙ እርሳቸው ናቸው፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላም ወደ ጓዳ አልገቡም፤ በመንግሥት ጉዳይ ላይ ቃላቸው የሚከበር ሆነው ቆዩ። ይህም ጠላት አፈራላቸው። ምኒልክ በታመሙ ጊዜ መኳንንቱ ተሰብስበው በ1902 ዓ.ም. ከሥልጣን አራቋቸው። ጣይቱ እንጦጦ ላይ ከስምንት ዓመት በኋላ በ1910 ዓ.ም. አረፉ። አገሪቱ ለእቴጌዋ ዘማችነት የሰጠችውን ክብር ለእቴጌዋ ገዥነት አልሰጠችም።

ለጥያቄው ሙሉ መልስ የምትሰጠው ግን ሌላ ኢትዮጵያዊት ናት፤ መልሷም በስዊስ ምድር በኩል ያልፋል። ከንቲባ ገብሩ ደስታ በሚሲዮናውያን እጅ የተማሩ፣ ለትምህርት ትልቅ ክብር የነበራቸው ሰው ነበሩ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን ወደ ስዊስ አዳሪ ትምህርት ቤት ላኩ። ታናሿ የውብዳር በኋላ በፒያኖዋ ዓለም ያወቃት እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩ ናት። ታላቋ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ልጃገረዲቱ ስንዱ ፈረንሳይኛ በምትማርባቸው ዓመታት ከላይ የተነሣው የሩብ ሚሊዮን ሰው አቤቱታ በበርን መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ስንዱ ወደ አገራቸው ተመልሰው ብዙም ሳይቆይ ጣሊያን ወረረ። ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በጄኔቫ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው በአማርኛ ሲናገሩ፣ ጣሊያን ጋዜጠኞች በፉጨት ሊያቋርጧቸው ሲሞክሩ፣ በኢትዮጵያ ምዕራብ ትግሉ አልበረደም ነበር። በስዊስ የተማሩት ወጣት ሴት ለመገዛት እምቢ ብለው በወለጋ ከጥቁር አንበሳ ሠራዊት ጋር ተሰልፈዋል። በኋላ ተያዙ። ከግራዚያኒው ጭፍጨፋ በኋላ ቤተሰባቸው ብዙ ሐዘን አየ። ስንዱም አሲናራ ወደምትባለው የጣሊያን ደሴት ከተጋዙት ኢትዮጵያውያን መካከል ነበሩ፤ እኅታቸውም እዚያው ታሥራለች።

ከነፃነት በኋላ ስንዱ ገብሩ ዝም ብለው ቤት አልተቀመጡም። የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት ሆነው የአርበኞችን ታሪክ በራሳቸው ብዕር ተውኔት አድርገው ለተማሪዎቻቸው አቀረቡ፤ «የልቤ መጽሐፍ» በሚል ስምም አሳተሙት። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶችም የመምረጥና የመመረጥ መብት ሰጠ። በ1957 በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ስንዱ ከወንዶች ጋር ተወዳድረው አሸነፉና በሕግ መምሪያው ምክር ቤት የተቀመጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ሆኑ። ምክትል ፕሬዚዳንትም ሆነው ሠሩ።

ያ ዓመት በስዊስ ምን ነበር? ጄኔቫ ለሴቶቿ ድምፅ ለመስጠት ሦስት ዓመት ይቀራት ነበር፤ ዙሪክ አሥራ ሦስት። የስዊስ ሴቶች በፌዴራል ፓርላማቸው ለመቀመጥ አሥራ አራት ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው። በልጅነታቸው ያስተማረቻቸው አገር ለገዛ ሴቶቿ የከለከለችውን ወንበር ስንዱ አዲስ አበባ ላይ አግኝተውታል። እርግጥ የኢትዮጵያ ምክር ቤት ያኔ በዘውዱ ጥላ ሥር ያለ፣ አቅሙ የተወሰነ ነበር፤ የምርጫው በርም ለገጠሯ ሴት በተግባር እምብዛም አልተከፈተም። ቢሆንም አንዲት አርበኛ ከጦር ሜዳ፣ ከግዞትና ከመማሪያ ክፍል ተነሥታ ሕግ በሚወጣበት ቤት ገብታለች፤ በጥንቱ የቻይና ግጥም ሙላን ያልተቀበለችውን ሹመት ተቀብላ ሠርታበታለች።

ወይዘሮ ስንዱ በ2009 አረፉ። የፊልም ጸሐፊ ልፍጠር ቢል እንኳ የማያገኘው ታሪክ በእርሳቸው ሕይወት ውስጥ ተሰናድቶ ተቀምጧል፦ የስዊስ አዳሪ ትምህርት ቤት፣ የወለጋ ጫካ፣ የአሲናራ ደሴት፣ የመነን ትምህርት ቤት መድረክ፣ በወንዶች የተሞላ ምክር ቤት። አቅም ያለው የአገራችን ዳይሬክተር ይህን ወስዶ ቢሠራው፣ ፊልሙ ጦርነቱ ሲያልቅ ባያልቅ ይመረጣል፤ የታሪኩ እኩሌታ ከዚያ ወዲህ ነውና።